ወንድ የማይረግጠው ቦታ

ይድረስ ለአስካለ፣ ለቤቴ ራስ።

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ደንብ ነው፤ የአንቺን ጤና ብጠይቅ ግን እዚያም ሆነሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ፤ ደህና አይደለሁም። ከተለየሽን የፊታችን ቅዳሜ ድፍን ዓመት ይሆናል። «የቤቴ ራስ» ብዬ ስጽፍ ደግሞ አትገረሚ። ይህን ቃል በሕይወት ሳለሽ በሰው ፊት አንድ ጊዜ ብቻ ከአፌ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ደብዳቤ ሌላ በሆነ ነበር።

የምጽፈው ሱቅ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ገበያተኛም የለም። ቤታችን ብዙ አልተለወጠም። በጓሮ በኩል ያለው ቆርቆሮ ዛሬም ያፈሳል። አንቺ ወጥተሽ ትመቺው ነበር፤ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ እቆምና ኋላ ለጎረቤት «ጣራዬን ጠገንሁት» እያልሁ አወራ ነበር። አንቺም ሰምተሽ ዝም ትይ ነበር። አሁን መሰላሉን የሚይዝ እንጂ የሚወጣ የለም።

ልጃችን አልማዝ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። ነጠላሽን ለብሳ ስትወጣ ከኋላ ሳያት ስምሽን ልጠራ ይቃጣኛል። ጣሊያን ሊወጣ ነው የሚል ወሬ አለ፤ ከሳምንት ወዲህ ካሚዮኖቹ ዕቃ እየጫኑ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ያ ሰላምታ የማይመልሰው አስተርጓሚያቸው እንኳ ከሩቅ ቆቡን እያወለቀ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ጀምሯል። እኔን ሲያይ ግን ፈገግ ይላል። የዚያን ፈገግታ ትርጉም ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን ወረቀት ያስያዘኝ ዳራሜ ናት። ባለፈው ማክሰኞ መጣች።

አዎ፣ ያቺው የዱመርሶዋ ዳራሜ፣ ቀኝ እጅሽ የነበረችው። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ከጀርባዋ ቅርጫት አውርዳ ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ጀንፈል ነበር፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ አንድ እንኳ የተሰበረ ፍሬ የሌለበት። «ለእትዬ ዓመት ነው» አለች። ግቢ ብዬ ለመንኋት፤ ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች። ከሄደች በኋላ አንድ ፍሬ አንስቼ፣ አንቺ እንደምታደርጊው፣ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት። ውስጡ ኳ ኳ አለ። ደርቋል። አንቺ ብትሆኚ «ይህ ደርሷል» ብለሽ ታልፊው ነበር። እኔ ግን ፍሬዋን እጄ ላይ ይዤ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

አስካልዬ፣ ያቺ ሴት ምንም አላደረገችም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ከጻፍሁት በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ወጥቼ ዝናቡን አየሁ። ተመልሼ ሳነበው ያው ነው። እንግዲህ ከሥሩ ልንገርሽ፤ የምታውቂውንም ጭምር፣ ምክንያቱም የምታውቂውን እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ጣሊያን የገባ ሰሞን ያደረግሁትን ታስታውሻለሽ። ሱቁን ዘግቼ፣ ያለችንን ጨውና አቡጀዲ አልጋ ሥር ከትቼ ተቀመጥሁ። ቡና ሁሉ ወደ አንድ መጋዘን ይግባ፣ ዋጋውንም የምንቆርጠው እኛ ነን የሚል አዋጅ ተነገረ። ከወንዱ ገሚሱ ጫካ ገባ፤ ገሚሱ እንደ እኔ ቤቱ ገባ። አንቺ በቅሎዋን ጭነሽ ዱመርሶ ወጣሽ። በአምስተኛው ቀን ስትመለሺ እግርሽ አብጦ ነበር፤ ፊትሽ ግን ሠርግ ውሎ የመጣ ሰው ፊት ነበር። ሴቶቹ በየግላቸው እየሄዱ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሲታለሉ አይተሽ፣ «ለብቻዋ የምትሸጥ ለብቻዋ ትታለላለች» ብለሽ ነግረሻቸው ነው የመጣሽው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዲላ ሁሉ ያውቀዋል። የዱመርሶ ሴቶች፣ ኋላም ከወርቃና ከገደብ የሚመጡት፣ ቡናቸውን አንድ ላይ አከማችተው በቦረና በኩል ለሚዘልቁ ባለበቅሎ ነጋዴዎች በጨውና በጨርቅ ይለውጡ ጀመር። አንቺ በዱመርሶው ዛፍ ሥር ትቆሚያለሽ፤ እያንዳንዷ ያመጣችውን ትዘረጋለች፤ አንቺ አንድ ፍሬ አንስተሽ ጆሮሽ ሥር ትነቀንቂያለሽ። ድምፅ ካልሰጠ አትቆጪም፤ «ሦስት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል» ብለሽ ትመልሻታለሽ። የባላባቱን ሚስት እንኳ መልሰሻታል። የደሃይቱን መበለት ጀንፈል ደግሞ ከሁሉ ፊት አስቀምጠሻል፤ የእሷ ኳ ኳ ይል ነበርና። ያን ያዩ ሴቶች ካንቺ በኋላ ሌላ ዳኛ አልፈለጉም።

እኔንም መልሰሽኛል፤ ይህን አልረሳሁትም። ከመንገድ ላይ የገዛሁትን አንድ ጆንያ ጭኜ መጣሁ፣ ባልሽ ነኝና ሳይታይ የሚያልፍልኝ መስሎኝ። አንስተሽ ነቀነቅሽ፤ ዝም አለ። «አንቱ፣ ይህ አምስት ቀን ይቀረዋል» አልሽኝ። ሠላሳ ሴት ሳቀ። በሰው ፊት ሁልጊዜ አንቱ ትይኝ ነበር፣ ቤት ስንገባ አንተ። ክብሬን እየጠበቅሽልኝ እንደነበር ዛሬ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው።

ደግሞ ያመጣሽው ለውጥ ቡናው ብቻ አልነበረም። ወንድ ሲናገር አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ከበር ኋላ ይቆሙ የነበሩ ሴቶች የድንበር ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች ዘንድ ተጠርተው ይቀመጡ ጀመር። ልጆቻቸው ጨው የገባበት ወጥ በሉ። በቅሎሽ በጥምዝማዙ ላይ ብቅ ስትል «እትዬ መጣ! እትዬ መጣ!» እያሉ የሚወጡት፣ አማርኛውን እንደ አፋቸው እያደረጉት፣ አንቺም እየሳቅሽ «አዎ፣ መጣሁ» የምትያቸው፣ እስካሁን በጆሮዬ አለ። እኔ ሦስት ጊዜ አብሬሽ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ማንም «ጋሼ መጣ» አላለም።

መደበቂያውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ ከዳራሜ ጋር። የመጋዘኑ ሰዎች ቤት ለቤት መፈተሽ ሲጀምሩ ቡናውን ከዳራሜ እንሰት ውስጥ፣ ሴቶቹ እንሰት ከሚፍቁበት ሥፍራ ጀርባ ባለችው ጎጆ፣ ከቀርከሃ ቆጥ ላይ ሰቀላችሁት። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይደርስም። ባልም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ርቆ ቆሞ ይጣራል እንጂ አይገባም፤ ነውር ነው፣ ቆጮውም ይበላሻል ይባላል። ፈታሾቹን የሚመሩት የአገሩ ወንዶች ናቸውና እንሰቱ ጫፍ ሲደርሱ በራሳቸው ጊዜ ይመለሱ ነበር። ሦስት ጊዜ ፈትሸው ሦስት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ያን ስትነግሪኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ብልሃትሽ አኮራኝ። በማግስቱ ጠጅ ቤት ስገባ ግን ኩራቱ ሌላ ነገር ሆነ።

ጠጅ ቤት ምን ይሉኝ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም። «የአስካለ ባል» ነበር ስሜ። አንዱ «ደህና ዋልህ፣ እመቤትህ ፈቀደችልህ?» ይላል፤ ሌላው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ይተርትና «እናንተ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ነው» ይላል። እስቅ ነበር። እየሳቅሁ ግን ጥርሴ ይፋጭ ነበር። ይህን የምጽፈው ይቅር እንድትይኝ አይደለም። ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሸጠሽ እንድታውቂው ነው።

አንቺ ዱመርሶ ሳለሽ ከመጋዘኑ ሹም ዘንድ «የቡና ነጋዴዎቹ አለቃ ይምጣ» የሚል መልእክት መጣ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ናት፣ አለቃዋ እሷ ናት ማለት ይበቃ ነበር። ካፖርቴን ለበስሁ። ያን ካፖርት ታውቂዋለሽ፣ ለጥምቀት ብቻ የሚወጣውን። ወንበር ሰጡኝ፤ በትንሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ነገር ቀዱልኝ። ጣሊያኑ ሹም አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው እየሳቀ፣ «በእናንተ ቤት አዛዧ ሴቷ ናት፣ የሚታዘዘው አውራው ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የመለስሁትን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲሆን አንድም ቀን አልረሳሁትምና። «አለቃው እኔ ነኝ። ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ፍሬ አትንቀሳቀስም» አልሁ። «ታዲያ ዱመርሶን ሦስት ጊዜ ፈትሸን እንዴት አጣን?» ቢለኝ፣ ብርጭቆዬን ይዤ፣ እግሬን አነባብሬ፣ «ወንድ የማይረግጠውን ቦታ አልፈተሻችሁማ» አልሁት።

ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን የአገሩን ልማድ ለማያውቅ ሰው ነበር የሚሆነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ እናቱ የጌዴኦ ሴት ናት። ፊቱ ላይ ሳቁ ቆመ። ወደ ጣሊያኑ ጎንበስ ብሎ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። እኔ የዚያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም፤ መጠጡን ጨርሼ፣ እጅ ነሥቼ፣ በዋናው መንገድ ሰው እንዲያየኝ ቀስ ብዬ እየተራመድሁ ቤቴ ገባሁ። መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ቆምሁ። ያን ሰዓት በቅሎ ተከራይቼ ብገሰግስ ሌሊቱን ደርሼ ላስጠነቅቃችሁ እችል ነበር። ምን ብዬ እነግራታለሁ አልሁ፤ ምናልባትም ልብ አላሉት ይሆናል አልሁ። ቤቴ ገባሁና እራት በላሁ።

በማግስቱ የሆነውን ያየሽው አንቺ ነሽ። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ የመጡት ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን ዘርግተው በሚፍቁበት ሰዓት መሆኑን፣ አንዷ አሮጊት በሁለት እጇ ጡቷን ሸፍና «ወንድ ገባ! ወንድ ገባ!» እያለች መጮኋን፣ ጩኸቷ ከመደብደብ ይልቅ የሐፍረት እንደነበር፣ ኋላ ከእስር ስትወጪ ነገርሽኝ። እኔ ያየሁት ዲላ የደረሰውን ነው። ቡናው በሦስተኛው ቀን በካሚዮን ተጭኖ መጣ፤ እናንተን ከኋላው አስከትለው መጋዘኑ ፊት አቆሟችሁ። ሰዉ ተሰበሰበ። እኔም ቆሜ ነበር። ካፖርቴን ለብሼ ነበር።

ሹሙ «የእነዚህ አለቃ ማን ነው?» ብሎ አስጠየቀ። አስተርጓሚው ያን ጥያቄ ሲተረጉም አይኑ እኔ ላይ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በወንበር ተቀምጬ የመለስሁት ጥያቄ ነው። ጫማዬን አየሁ፤ ጭቃ ነክቶት ነበር፤ እሱን እንደማየት ሆንሁ። ያን ጊዜ ድምፅሽን ሰማሁ። አልጮህሽም። «እኔ ነኝ» አልሽ። አስተርጓሚው በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሹሙ ሳቀ። እኔን እያዩ ነበር የሳቁት።

ሲወስዱሽ ዞር ብለሽ ፈልገሽ አገኘሽኝና በእጅሽ ወደ ቤት ሂድ አልሽኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን አስረው ሲለቁሽ ሳል ይዞሽ ወጣሽ። ያ ሳል ነው እስከ መጨረሻው ያልተወሽ። ቤት ገብተሽ እግርሽን ሳጥብሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «ዝም ማለትህ ደግ አደረግህ፤ ሁለታችንም ብንታሰር አልማዝ ማን ነበራት» አልሽኝ። ፈሪነቴን ብልሃት አድርገሽ አለበስሽኝ። እኔም ያንን ልብስ ለብሼ ኖርሁ።

ከዚያ ማን ነገረባችሁ የሚለው መጣ። ዳራሜ በዚያን ዕለት ከእንሰቱ አልነበረችም፤ ልጇ ወልዳ ገደብ ሄዳ ነበር፣ የልጇ ባል ደግሞ ለጣሊያኖቹ መንገድ መሪ ነበር። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። አንቺ ብዙ ቀን አላመንሽም፤ ሴቶቹ ግን ከመካከላችን ትውጣ ብለው ጠየቁሽ፣ አንቺም በዛፉ ሥር ከቅርጫቷ አንድ ፍሬ ሳትነቀንቂ መለስሽላት። አልሰደብሻትም። ፍሬውን አልነካሽም፣ ያ ብቻ። እሷም ቅርጫቷን አነሣች። ያን ዕለት እኔ አብሬሽ ነበርሁ፤ ከሦስቱ ጊዜ አንዱ ያ ነው። ከጎንሽ ቆሜ፣ የዳራሜን ፊት እያየሁ፣ በውስጤ ያለፈው ሐሳብ «እንኳን እሷ ተጠረጠረች» የሚል ነበር። ይህን እግዚአብሔርም አንቺም አሁን ታውቃላችሁ።

ከሁሉ የሚከፋውን ለመጨረሻ አስቀመጥሁት፤ ልተወው ብዬም ነበር። ልታርፊ ሦስት ቀን ሲቀርሽ፣ ድምፅሽ በሹክሹክታ ሆኖ፣ «ዳራሜን በድያት ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከእኔና ከአንቺ በቀር በክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። አውራ የሚለኝ፣ የሚስቅብኝ የለም። የምትሞት ሚስቴ እውነት ለመነችኝ። «አልበደልሻትም፣ አርፈሽ ተኚ» አልሁሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ስላመንሽኝ ይሁን ስላላመንሽኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሴቶቹ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ተበትነው ነበር። ከመስከረም ጀምሮ እንደገና ዛፉ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ጥቂት ናቸው፤ ግን ፍሬውን ጆሯቸው ሥር መነቅነቅ ሁሉም ተምረዋል። ዳራሜ የለችም። እንሰቷን ብቻዋን ነው የምትፍቀው፤ ማንም በደቦ አይመጣላትም። የጌዴኦ ሴት ብቻዋን እንሰት ስትፍቅ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ ልነግራት ተነሥቼ ነበር፤ ከመንገዱ እኩሌታ ደርሼ ዝናብ መጣ ብዬ ተመለስሁ። ዝናብ አልመጣም ነበር።

ቅርጫቷን ካየሁ በኋላ ግን አልቻልሁም። ባለፈው ሐሙስ ለአልማዝ ነገርኋት። ቤት እየጠረገች ነበር። ሁሉንም ሰማችኝ፤ ከዚያ የጠረገችውን ቦታ እንደገና ጠረገችው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። መጥረጊያውን ጥግ አስደግፋ፣ «ዝክሩ ዲላ አይሆንም። ዳራሜ ደጅ ይሆናል። ለሴቶቹ እኔ እልክባቸዋለሁ» አለች። ቀጥላም፣ «የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ጠዋት እንነሣለን። አንተ ፊት ፊት ትሄዳለህ፣ እኔ ከኋላ» አለችኝ። ለምን ከኋላ ብላት፣ «መንገድ ላይ እንዳትመለስ» አለች። ያንቺ ልጅ ናት አስካልዬ። ያለ ካፖርት እንድሄድም ነግራኛለች።

ሴቶቹ ቃላቸውን ልከዋል፤ ይመጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት ከእንሰቱ ውስጥ ይሆናሉ፣ ዳራሜም መካከላቸው። አልማዝ ትገባለች። እኔ አልገባም። ከአጥሩ ወዲህ፣ ወንድ በሚቆምበት ቦታ፣ ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን እስኪታጠቡ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ቢተፉብኝም ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ በዲላ ስሜ ምን እንደሚሆን አስቤዋለሁ፤ «የአስካለ ባል» ቢሉኝ እንኳ የማይገባኝ ማዕረግ ነው።

ሰው ሟቹን ሲያስታውስ የሚያምርለትን ይመርጣል። እኔ አልመርጥም። መጋዘኑ ፊት የቆምሽበትን ቀን፣ ጫማዬን ሳይ የነበርሁበትን ያንኑ ቀን፣ ሁለቱን ሳልለያይ እስክሞት እይዘዋለሁ። አልማዝም ልጆች ስትወልድ እንዲሁ አድርጌ እነግራቸዋለሁ፤ ሴት አያታቸው አለቃ እንደነበረች፣ ወንድ አያታቸው ደግሞ ምን እንደነበረ።

ዳራሜ ወደ አጥሩ መጥታ ያን ቀን የነገረብን ማን ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ከአንቺ የተማርሁትን ሁለት ቃል እመልስላታለሁ። እኔ ነኝ።

ባልሽ
በላቸው